የላዳ ኪሎ ሜትር ካቦ ከቶዮታ ካምቢዮ ጋር እንዴት ይገናኛል?

የላዳው ልጅ፦
ሰላም ወገኖች። የአባቴ ላዳ 2101 አለች። ድሮ ታክሲ ነበረች፤ አሁን የቤት መኪና ናት። ሞተሯ ሲያልቅ የኮሮላ ሞተር ከነባለ 5 ማርሽ ካምቢዮው ገባላት። ዲፍረንሻሉ (የኋላ ጎማዎቹን የሚያዞረው የማርሽ ክፍል) የራሷ ነው። የቸገረኝ የኪሎ ሜትሩ ካቦ ነው፤ ከካምቢዮው ተነስቶ የፍጥነት ጌጁን የሚያዞረው ሽቦ። የላይኛው ጫፍ ጌጁ ላይ ልክክ ይላል፤ የታችኛው ግን ካምቢዮው ላይ አይገባም። አንድ ጋራዥ የሁለቱን ካቦ ውስጥ ቆርጦ በየደልኝ። ብዙም ሳይቆይ ተበጠሰ። ከመበጠሱ በፊትም ስልኬ 60 ሲል መርፌው 40ን እምብዛም አያልፍም ነበር። የኮሮላ ጌጅ ግጠም ይሉኛል፤ እኔ ግን ክሩስኮቷ (ዳሽቦርዷ) እንዲነካ አልፈልግም። ምን ይሻለኛል?

ጌጅ ሠሪው፦
ወንድሜ፣ ያለብህ ሁለት ችግር ነው። አንዱ የጫፉ ነው፣ ሌላው የዙሩ። ለየብቻ ያዛቸው።

የጫፉ ቀላል ነው። የውጩን ሽፋን ከላይ የላዳውን፣ ከታች የቶዮታውን ተጠቀም። መሃሉን ቶርኖ ቤት (ብረት የሚቀረጽበት) በሚሠራ አጭር ቱቦ አገናኘው። የውስጡ ሽቦ ግን ወጥ መሆን አለበት። ብየዳ ሽቦውን ያቃጥለዋል፤ ከዚያ የሚታጠፍበት ቦታ ላይ ይበጠሳል። አዲስ ሽቦ ገዝተህ ጫፎቹን በየመግጠሚያቸው ልክ አስመታ። ርዝመቱን ተጠንቀቅ። ከረዘመ ጌጁን ከውስጥ እየገፋ ይበላዋል።

አሁን ወደ ዙሩ። የድሮ የጃፓን መኪና ካቦ በአንድ ኪሎ ሜትር 637 ጊዜ ይዞራል። የላዳ ጌጅ የሚጠብቀው 1000 ዙር ነው። መርፌህ ወደ ኋላ የቀረው ለዚህ ነው። ያንተ ዲፍረንሻል የላዳ ስለሆነ ደግሞ በትክክል 637 አይመጣም፤ መለካት አለብህ። ካቦውን ከጌጁ ንቀልና ጫፉ ላይ ፕላስተር እንደ ባንዲራ ለጥፍበት። መኪናዋን ሜዳ ላይ 10 ሜትር አስገፋ። ባንዲራዋ ስንት ጊዜ እንደዞረች ቁጠርና በ100 አባዛ።

አንድ ነገር አደራ። መርፌውን ነቅሎ ከፍ አድርጎ የሚተክልልህ ወይም ስፕሪንጓን የሚያላላልህ ሰው አይጠፋም። እንዳትስማማ። ጌጁ ውስጥ ካቦው ማግኔት ያዞራል፤ ማግኔቱ የአሉሚኒየም ኩባያ ይዞ ለመሄድ ይሞክራል፤ ስፕሪንጓ ትይዘዋለች። መርፌው በዚህ መንገድ ሊታለል ይችላል። ቁጥሩን የሚቆጥረው ክፍል ግን በጥርስ ነው የሚሄደው። መርፌህ ልክ መስሎ ይታይሃል፤ ቆጣሪው ግን እያጎደለ ይሄዳል። ታዲያ ዘይት የምትቀይርበትን ጊዜ በምን ታውቃለህ?

ቮልስ ወዳጅ፦
እኛ በዚህ በኩል ተገላግለናል። የቮልስ ካቦ የሚነሳው ከግራ የፊት ጎማ ነው፤ ካምቢዮ ብትቀይር አይነካውም። ለካቦ ግን አንድ ምክር አለኝ። ሲታጠፍ ሰፋ ያለ ቅስት ስጠው፤ ከተጣመመ መርፌው ይዘላል። ግራሶውን የታችኛው ክፍል ላይ ብቻ ቀባ። ላይኛውን ከቀባኸው ጌጁ ውስጥ ይገባል።

የላዳው ልጅ፦
ጋሼ፣ እግዚአብሔር ይስጥልኝ። እንዳሉኝ ለካሁት። በ10 ሜትር 7 ዙር ነው። ካምቢዮው ላይ ያለችውን ትንሽ የፕላስቲክ ማርሽ ብቀይርስ?

ጌጅ ሠሪው፦
እንግዲህ 700 ነው ማለት ነው። የዚያች ማርሽ ጥርስ ሲያንስ ካቦው ይፈጥናል፤ ሐሳብህ ልክ ነው። ግን ልዩነቱ በዛ። 20 ጥርስ ካላት ወደ 14 መውረድ አለብህ፤ ያን ያህል ካነሰች ደግሞ ከምታዞራት ማርሽ ጋር አትነካካም። እሷ የምትበጀው ለጥቂት ስህተት ነው፤ ጎማ ለቀየረ ሰው ለምሳሌ።

ላንተ የሚያስፈልግህ ካቦው መሃል ላይ የምትገባ ትንሽ የማርሽ ሳጥን ናት። ከካምቢዮው በኩል 20 ጥርስ፣ ከጌጁ በኩል 14። 7 ዙር ሲገባ 10 ይወጣል። ሁለት ማርሽ ብቻ ካደረግህ ግን ዙሩ ይገለበጣል፤ መርፌው ዜሮ ላይ ተጣብቆ ይቀራል። ስለዚህ መሃላቸው ሦስተኛ ማርሽ ይግባ። የሱ ጥርስ ቁጥር ሒሳቡን አይለውጠውም።

ሳጥኗን ከክሩስኮቱ ሥር እሰራት፤ ከመኪናዋ ሆድ ሥር ጭቃና ሙቀት አለ። ከመግጠምህ በፊት በድሪል ቀስ አድርገህ አዙራትና የሚወጣው ዙር በየት አቅጣጫ እንደሆነ እይ። ቶርኖ ቤቱ መለኪያ ከጠየቀህ ሥዕሉን ሠርቼ እዚሁ እለጥፍልሃለሁ።