ከወታደርነት ወደ እንግሊዝኛ መምህርነት፣ የሄደበት አለ?

ጠያቂ፦ ሰላም ለሁላችሁ። ታላቅ ወንድሜ ከሠራዊቱ ተሰናብቶ ባሕር ዳር ገብቷል። እንግሊዝኛ ይወዳል፣ ማስተማርም ይፈልጋል። ግን «ልጆች ፊት ስቆም ድምፄ ትዕዛዝ ይሆንብኛል» ብሎ ይፈራል። ምን ልበለው?

ጡረተኛው መምህር፦ አይዞህ በለው። እኔ በ1983 ዓ.ም. ሠራዊቱ ሲበተን የሬዲዮ ሠራተኛ ነበርኩ። ኋላ ባሕር ዳር ዩኒቨርሲቲ ፔዳ ግቢ በማታ ተምሬ አስተማሪ ሆንኩ። መጀመሪያ ሰሞን ስም ስጠራ ልጆቹ ደንግጠው ብድግ ይሉ ነበር። ድምፅ በጊዜ ይለዝባል፤ የከበደኝ ዝምታቸው ነው። ከዘጠነኛ ክፍል ጀምሮ ፊዚክሱም ባዮሎጂውም በእንግሊዝኛ ነው። ቋንቋው ያልገባው ልጅ ሁሉም ይጨልምበታል። አንዲት ከኋላ የምትቀመጥ ልጅ ነበረች፤ ሒሳብ ላይ የሚደርስባት የለም፣ እንግሊዝኛ ሲሆን ግን አንገቷን ትደፋለች። ቅዳሜ ቅዳሜ ጣና ዳር ይዣቸው መውጣት ጀመርኩ። ያዩትን ይንገሩኝ፣ ሌላ ምንም የለም። አንድ ቀን አንድ ዓሣ አጥማጅ የደንገል ታንኳው ላይ ቁጭ ብሎ መረቡን ይስባል። እሷ ናት ቀድማ «ሂ ኢዝ ፑሊንግ ዘ ኔት» ያለችው። ጮክ ብላ! እስከ ዛሬ ደስ ይለኛል።

የቀበሌ 14 ልጅ፦ ጋሼ፣ ዕድሜዎን ያርዝመው። ጠያቂ፣ ወንድምህ ዲግሪ አለው? ከሌለው የማታውን ምዝገባ ቶሎ ይጠይቅ።

ጠያቂ፦ ዲፕሎማ ነው ያለው። ነገ ሄዶ ይጠይቃል።

ጡረተኛው መምህር፦ ጎሽ። እስከዚያው የሰፈር ልጆችን ያስጠና፤ መጽሐፍ ከኔ ይዋስ።