የዕቅድ ውይይት፦ የባሕር ጠለል ለምን ይጨምራል? መንስኤዎቹን በሙከራ ለማስተማር የጋራ ፕሮፖዛል

አስተባባሪ፦

ሰላም ለሁላችሁም። ለጋራ ፕሮፖዛላችን መነሻ የሚሆን ረቂቅ ይዤ መጥቻለሁ። ዓላማው ተማሪዎች የባሕር ጠለል የሚጨምርበትን ምክንያት አንብበው ብቻ እንዳይቀሩ፣ በገዛ እጃቸው ሞክረው እንዲደርሱበት ነው። አራት ሙከራዎች አስቤያለሁ። አንደኛው፣ ውሃ ላይ የሚንሳፈፍና መሬት ላይ ያለ በረዶ ሲቀልጡ ማወዳደር። ሁለተኛው፣ ውሃ ሲሞቅ መጠኑ እንደሚጨምር ማሳየት። ሦስተኛው፣ አንድ ጠርሙስ ተራ አየር፣ ሌላ ጠርሙስ ካርቦን ዳይኦክሳይድ ሞልቶ መብራት ሥር የትኛው ይበልጥ እንደሚሞቅ መለካት። አራተኛው፣ በረዶ ብርሃን እንደሚመልስ፣ ጠቆር ያለ ውሃ ደግሞ እንደሚውጥ በነጭና በጥቁር ወረቀት ማሳየት። ሁሉንም በሁለት ክፍለ ጊዜ እንጨርሳለን ብያለሁ። ሳትሳሱ አርሙት።

የፊዚክስ መምህርት፦

ረቂቁን ወድጄዋለሁ። ሦስተኛው ሙከራ ግን ይውጣ እላለሁ። ካርቦን ዳይኦክሳይድ ሙቀት አምቆ እንደሚይዝ ጥያቄ የለውም። አሜሪካዊቷ ተመራማሪ ዩኒስ ፉት እ.ኤ.አ. በ1856 ይህ ጋዝ ያለበት የመስታወት ዕቃ ፀሐይ ላይ ይበልጥ እንደሚሞቅ አሳይታለች። የፊዚክስ ሊቁ ጆን ቲንዳል ደግሞ በ1859 ጋዞች የሙቀት ጨረርን እንዴት እንደሚመጡ በመሣሪያ መለካት ጀመረ። ችግሩ የጠርሙሱ ሙከራ ላይ ነው። ካርቦን ዳይኦክሳይድ ከአየር ስለሚከብድ ጠርሙሱ ውስጥ ረግቶ ይቀመጣል። ከላይ ካለው አየር ጋር ቶሎ አይቀላቀልም፤ ሙቀቱም በቀላሉ አያመልጥም። ቴርሞሜትሩ ላይ የምናየው ልዩነት በአብዛኛው ከዚህ የሚመጣ ነው። ሙቀት የማይመጥ፣ ግን እንደዚሁ ከአየር የሚከብድ አርጎን የተባለ ጋዝ ብንሞላም ተመሳሳይ ውጤት እናገኛለን። ተማሪው ትክክለኛውን መልስ በተሳሳተ ምክንያት ይዞ ይሄዳል ማለት ነው። ይህን እያወቅን ፕሮፖዛላችን ውስጥ ማስገባት አይገባንም።

የጂኦግራፊ መምህር፦

በዚህ እስማማለሁ። የሙቀት መጨመሩን ጉዳይ በመረጃና በግራፍ እናስተምረው። በተረፈው ጊዜ ሁለተኛውን ሙከራ እናጠናክር። ተማሪዎች «የባሕር ጠለል ለምን ጨመረ?» ሲባሉ ወዲያው «በረዶ ቀልጦ» ይላሉ። የውሃው በሙቀት መስፋፋት ትዝ አይላቸውም፤ ስለማይታይ ነው። የአየር ንብረት ለውጥ የበይነ መንግሥታት ፓናል እ.ኤ.አ. በ2021 ባወጣው ሪፖርት መሠረት ግን፣ ከ1971 እስከ 2018 ከታየው ጭማሪ 50 በመቶው የመጣው ከዚሁ መስፋፋት ነው። የተራራ ግግር በረዶዎች 22 በመቶ፣ የግሪንላንድና የአንታርክቲካ በረዶ 20 በመቶ፣ በየብስ ላይ ያለው ውሃ ለውጥ ደግሞ 8 በመቶ ድርሻ አላቸው። ከ2006 ወዲህ ባሉት ዓመታት የበረዶው መቅለጥ ቀዳሚውን ቦታ ይዟል። ሁለቱም በደንብ መታየት አለባቸው።

የቤተ ሙከራ ባለሙያ፦

እንግዲያው ስለ ሁለተኛው ሙከራ አሠራር ልናገር፤ የሚበላሸው በጥቃቅን ነገር ነው። 500 ሚሊ ሊትር የሚይዝ የመስታወት ብልቃጥ፣ ቀዳዳ ያለው የላስቲክ ቡሽና ቀጭን ግልጽ ቱቦ ያስፈልጋል። የፕላስቲክ ጠርሙስ አይሆንም፤ ሲሞቅ ራሱ ይለጠጣል፣ ሲነካም ይጨመቃል። ውሃው ቀድሞ ፈልቶ የቀዘቀዘ ይሁን፤ ያለዚያ ሲሞቅ ከውስጡ አረፋ ይወጣል። ብልቃጡ አፉ ድረስ ይሞላና ቡሹ ሲገባ ውሃው ቱቦው ውስጥ ትንሽ ከፍ ይላል። እዚያ ላይ ምልክት ይደረጋል። ከቡሹ ሥር አንዲት የአየር አረፋ እንኳ እንዳትቀር። በአንድ ዲግሪ ሙቀት አየር የሚሰፋው ከውሃ ከአሥር እጥፍ በላይ ስለሆነ፣ ተማሪዎቹ ሳያውቁት የአየሩን መስፋፋት ይለካሉ።

ከዚያ ብልቃጡን ሙቅ ውሃ የያዘ ገንዳ ውስጥ መንከር ነው። እሳት አያስፈልግም። መጀመሪያ ላይ ቱቦው ውስጥ ያለው ውሃ ትንሽ ዝቅ ይላል፤ መስታወቱ ከውሃው ቀድሞ ስለሚሞቅና ስለሚሰፋ ነው። ተማሪዎቹ ይህን አይተው «ኧረ ወረደ!» ማለታቸው አይቀርም፤ መምህሩ ይዘጋጅበት። ቀጥሎ ውሃው መውጣት ይጀምራል። ከ20 ወደ 40 ዲግሪ ሴልሺየስ ሲሞቅ 500 ሚሊ ሊትሩ የሚጨምረው ወደ 3 ሚሊ ሊትር ብቻ ነው። የውስጥ ስፋቱ 5 ሚሊ ሜትር በሆነ ቱቦ ግን ይህ 15 ሴንቲ ሜትር አካባቢ ይሆናል። በማስመሪያ ይለካል፣ በየሁለት ዲግሪው ይመዘገባል፣ ግራፍ ይሠራበታል።

የአንደኛ ደረጃ መምህርት፦

ለትንንሾቹ ግራፉ ይቅርና ምልክቱ ብቻ ይበቃል። እኔ አጥብቄ የምጠይቀው አንድ ነገር ነው፦ ከእያንዳንዱ ሙከራ በፊት ተማሪው ግምቱን ከነምክንያቱ ይጻፍ። ገምቶ የተሳሳተ ልጅ ውጤቱን አይረሳውም። ዝም ብሎ ያየ ልጅ ግን «አዎ፣ እንደዚያ ነው» ብሎ ያልፋል።

የበረዶው ሙከራ ለዚህ ምቹ ነው። ሁለት እኩል ግልጽ ዕቃዎች፣ በሁለቱም ውስጥ እኩል ድንጋይ፣ እኩል በረዶ። በአንዱ በረዶው ከውሃው በላይ ድንጋዩ ላይ ይቀመጣል፤ በሌላው ውሃው ላይ ይንሳፈፋል። በረዶው ከገባ በኋላ የሁለቱም ውሃ ከፍታ ምልክት ይደረግበታል። ብዙ ልጆች ሁለቱም ይጨምራሉ ብለው ይገምታሉ። የሚንሳፈፈው ግን ከምልክቱ አይነቃነቅም፤ ቀድሞውኑ የክብደቱን ያህል ውሃ ገፍቷልና።

የቤተ ሙከራ ባለሙያ፦

አንድ ማሳሰቢያ። ተንሳፋፊው በረዶ የዕቃውን ወለል ወይም ድንጋዩን ነክቶ እንዳይቆም። ከቆመ ሙሉ ክብደቱን ውሃው አልተሸከመውም፤ ሲቀልጥ ውሃው ከፍ ይላል፣ ትምህርቱም ይገለበጣል። ጥልቅ ውሃና ትንንሽ በረዶ ይሻላል።

የጂኦግራፊ መምህር፦

ይህቺው ነጥብ ለከፍተኛ ክፍሎች ራሷን የቻለች ጥያቄ ትሁን። በምዕራብ አንታርክቲካ አብዛኛው በረዶ የተቀመጠበት ወለል ከባሕር ጠለል በታች ነው። በረዶው ውሃ ውስጥ አለ፤ ግን አይንሳፈፍም፣ ቆሟል። እሱ ቢቀልጥስ? ተማሪዎቹ ይከራከሩበት። ሌላው መነገር ያለበት፣ የግሪንላንድ በረዶ ሙሉ በሙሉ ቢቀልጥ የዓለም ባሕር 7 ሜትር ያህል፣ የአንታርክቲካው ደግሞ 58 ሜትር ያህል እንደሚጨምር ነው። ይህ በአንድ ትውልድ የሚሆን ነገር አይደለም፤ ልጆቹን በፍርሃት እንዳንሞላ ይህም አብሮ ይነገር። እስካሁን የተለካው እ.ኤ.አ. ከ1901 እስከ 2018 ባለው ጊዜ 20 ሴንቲ ሜትር ነው። ፍጥነቱ ግን ጨምሯል፤ እስከ 1971 በዓመት 1.3 ሚሊ ሜትር የነበረው ከ2006 እስከ 2018 ባሉት ዓመታት 3.7 ደርሷል። እነዚህን ቁጥሮች ማስመሪያ ላይ ያሳዩዋቸው።

የፊዚክስ መምህርት፦

«የሚንሳፈፍ በረዶ ምንም አያመጣም» የሚል ድምዳሜም አደገኛ ነው። አራተኛው ሙከራ እዚህ ላይ ይግባ። ተንሳፋፊው በረዶ ሲጠፋ ከሥሩ ያለው ጠቆር ያለ ባሕር የፀሐይን ሙቀት ይውጣል፤ የሞቀ ውሃ ደግሞ ይሰፋል። በባሕር ዳርቻ የሚንሳፈፉ ግዙፍ የበረዶ መደቦችም ከኋላቸው ያለውን የየብስ በረዶ ደግፈው ይይዛሉ። እ.ኤ.አ. በ2002 በአንታርክቲካ ላርሰን ቢ የተባለው መደብ ሲፈርስ፣ ከኋላው የነበሩት ግግር በረዶዎች ወደ ባሕር የሚያደርጉት ጉዞ ፈጥኗል።

አስተባባሪ፦

እግዜር ይስጥልኝ። ረቂቁን በዚህ መልክ አስተካክዬዋለሁ፦

«ፕሮግራሙ ሦስት ክፍለ ጊዜ ይኖረዋል። በመጀመሪያው የበረዶው ሙከራ ይጀመራል፤ በረዶው እስኪቀልጥ የነጭና የጥቁር ወረቀቱ ሙከራ ይሠራል። ሁለተኛው ሙሉ በሙሉ ለውሃ መስፋፋት ይሰጣል። በሦስተኛው ተማሪዎች የራሳቸውን ውጤት ከእውነተኛ የባሕር መረጃ ጋር ያመሳክራሉ፤ ሙከራቸው ምን እንዳላሳየም ይጽፋሉ። ከእያንዳንዱ ሙከራ በፊት የጽሑፍ ግምት ግዴታ ነው።»

የካርቦን ዳይኦክሳይዱ ጠርሙስ ወጥቷል። የላርሰን ቢ ጉዳይ በሦስተኛው ክፍለ ጊዜ ንባብ ይሆናል።

የጂኦግራፊ መምህር፦

ለሦስተኛው ክፍለ ጊዜ አንድ መስመር ይጨመር፦ ጭማሪው በሁሉም ቦታ እኩል አይደለም። የኢንዶኔዥያዋ ከተማ ጃካርታ የከርሰ ምድር ውሃዋ እየተቀዳ መሬቷ ይሰምጣል፤ በሰሜን ስዊድን ደግሞ ከጥንቱ የበረዶ ዘመን ጫና የተላቀቀው መሬት ወደ ላይ እየተነሣ ስለሆነ ባሕሩ የሚሸሽ ይመስላል።

አስተባባሪ፦

ገብቷል። የቤተ ሙከራ ባለሙያው የዕቃ ዝርዝሩን፣ የአንደኛ ደረጃ መምህርቷ የግምት መጻፊያ ወረቀቱን ያዘጋጁልን። የሰነዱን መግቢያ እኔ እጽፋለሁ። የበረዶውን ሙከራ ግን ሁላችንም በየክፍላችን አንድ ጊዜ እንሞክረውና ለመቅለጥ የወሰደውን ጊዜ እዚሁ እንጻፍ፤ አንድ ክፍለ ጊዜ የማይበቃ ከሆነ ቅደም ተከተሉን ፕሮፖዛሉ ከመላኩ በፊት እንቀይራለን።