በ1852 ባልቲሞር የገባ የጊዜ ተጓዥ፦ ምን ይዞ፣ ምን ተናግሮ ያልፋል?

ቀለም ቀንድ፦
የምጽፈው የጊዜ ጉዞ ልቦለድ ነው። ዋናው ገጸ ባሕርይ የዛሬ ዘመን ጥቁር ሰው ሲሆን ራሱን በ1852 (እ.ኤ.አ.) ሜሪላንድ፣ ባልቲሞር ውስጥ ያገኘዋል። በሦስት ቀን ፊላዴልፊያ መድረስ አለበት። መንገድ ላይ ማን ያስቆመዋል? በምን ይከፍላል? ሲናገርስ ምን ያጋልጠዋል?

ዶሴ፦
ባልቲሞር ውስጥ ጥቁር ሁሉ ባሪያ ነበር ብለህ አትነሣ። በ1850 ቆጠራ 25,000 ያህል ነጻ ጥቁሮች ነበሩባት፤ በባርነት የተያዙት 3,000 አይሞሉም። ስለዚህ የሚያስይዘው መልኩ ብቻ ሳይሆን ወረቀት ማጣቱ ነው። ነጻው ሰው ቁመቱ፣ የቆዳው ቀለም፣ ጠባሳው ሳይቀር የተጻፈበት የነጻነት ምስክር ወረቀት ነበረው፤ ባሪያው ደግሞ ከጌታው የተጻፈለት ይለፍ። «ከሌላ አገር መጣሁ» ማለቱም አያድነውም። በቨርጂኒያ ባሪያው ናት ተርነር ከመራው የ1831 የባሮች አመጽ በኋላ ሜሪላንድ ነጻ ጥቁሮች ከውጭ ገብተው እንዳይሰፍሩ በሕግ ከልክላለች።

ለጉዞው፣ ከባርነት አምልጦ በኋላ ዝነኛ የጸረ ባርነት ተናጋሪ የሆነው ፍሬድሪክ ዳግላስ እንዴት እንዳመለጠ ደጋግመህ አጥና። ሴፕቴምበር 3 ቀን 1838 መርከበኛ መስሎ፣ የሌላ ሰው የመርከበኛ ወረቀት ተውሶ ከባልቲሞር ወጣ። ወረቀቱ ላይ የተገለጸው መልክ ከእሱ ጋር አይገጥምም፤ ቲኬት መሸጫው ጋ ቢቆም ይመረመራል። ስለዚህ ባቡሩ ሊነሣ ሲል ዘሎ ገባ። ተቆጣጣሪው በወረቀቱ አናት ያለውን የአሜሪካ መንግሥት ምልክት፣ ንስሩን አይቶ አለፈው። ሃቨር ደ ግሬስ ላይ የሰስኩሃናን ወንዝ በጀልባ ተሻገረ፤ እስከ ዊልሚንግተን በባቡር፣ ከዚያ በእንፋሎት መርከብ ፊላዴልፊያ። ኒው ዮርክ ሲደርስ 24 ሰዓት እንኳ አልሞላውም። ያንተ ሦስት ቀን ይበዛል፤ አንድ ቀን አድርገው።

ፊላዴልፊያ ሲደርስም ታሪኩን አትዝጋው። ከተማዋ ባርነት የሌለባት ብትሆንም፣ ያመለጡ ባሮች ከነጻ ግዛትም ተይዘው እንዲመለሱ ባዘዘው በ1850ው የኮብላዮች ሕግ የተያዘ ሰው ስለ ራሱ መመስከር አይችልም። ጉዳዩን የሚያየው ኮሚሽነር ሰውየውን ለ«ባለቤቱ» ካስረከበ 10 ዶላር፣ ከለቀቀው ግን 5 ዶላር ይከፈለዋል።

ሚዛን፦
ስለ ገንዘቡ። አረንጓዴው የፌዴራል ዶላር የመጣው በእርስ በርስ ጦርነቱ ጊዜ ስለሆነ አታስይዘው። በ1852 የወረቀት ገንዘብ የሚያትመው እያንዳንዱ ባንክ ነው። ነጋዴው ሐሰተኛ ኖት የሚለይበትን መጽሔት ይገልጣል፤ ባንኩ ሩቅ ከሆነም ከዋጋው ይቀንሳል። ብር ሳንቲም ይሻልሃል፤ የስፔንና የሜክሲኮ ሳንቲም እስከ 1857 ሕጋዊ መገበያያ ነበር። ኪሱን ግን ፈትሽ፦ የዛሬ ሳንቲም ሁሉ ዓመቱ ተቀርጾበታል።

ሰዓቱም ያሳስታል። የባቡር ኩባንያዎች ኖቬምበር 18 ቀን 1883 የጋራ ሰዓት እስኪያወጡ ድረስ ከተሞች የሚቆጥሩት በየራሳቸው ፀሐይ ነበር፤ ኒው ዮርክ ባልቲሞርን 10 ደቂቃ ያህል ትቀድማለች። በሁለት ከተማ «በአንድ ደቂቃ» የሚፈጸም ሴራ ካለህ ይፈርሳል። የግድግዳው ሰዓት 12 ሲል ትረካህ «ከቀኑ 6» ይላል ወይስ 12? ከመጀመሪያው ገጽ አንዱን ምረጥና አትቀይር።

ጥራዝ፦
በንግግሩ በኩል አማርኛ ከእንግሊዝኛው የተሻለ መሣሪያ ይሰጥሃል። ነጮቹ ጎልማሳውን ጥቁር «ልጅ» ብለው ወይም በስሙ ብቻ ይጠሩታል፤ «ሚስተር» አይሉትም። የ10 ዓመት ነጭ ልጅ ሽማግሌውን «አንተ» ሲለው፣ ሽማግሌው «እርስዎ» ብሎ ሲመልስ፣ አንባቢህ ማብራሪያ አይፈልግም። የዛሬው ሰው የሚጋለጠውም እዚህ ነው፦ ሳያስበው በ«አንተ» ይመልሳል፣ ዓይን ለዓይን ያያል።

የባሮቹን ንግግር ግን በተሰባበረ አማርኛ አትጻፈው፤ ሰዎቹን ያሳንሳል። በ1936–38 ከ2,300 በላይ የቀድሞ ባሮች ቃላቸውን ሰጥተዋል፤ በኮንግረስ ቤተ መጻሕፍት ድረ ገጽ ላይ ታገኘዋለህ። ስለ ምግብ፣ ስለ ልብስ፣ ስለ ሥራ ውሰድበት። ለምልልስ ግን አይሆንህም፤ ብዙዎቹ ጠያቂዎች ነጮች ነበሩ፣ አነጋገሩንም የጻፉት በራሳቸው ጆሮ ነው።

ቀለም ቀንድ፦
ግሩም ነው። የባሪያ ገጸ ባሕርያቴን ስም ከ1850 ቆጠራ ልወስድ እችላለሁ?

ዶሴ፦
ብዙውን ጊዜ አታገኘውም። የባሮቹ መዝገብ የባለቤቱን ስም ጽፎ ከሥሩ ዕድሜ፣ ጾታና የቆዳ ቀለም ብቻ ይደረድራል። ስም የሚገኘው በኑዛዜ፣ በሽያጭ ሰነድ፣ በጋዜጣ የኮብላይ ማስታወቂያና በሟች ንብረት ዝርዝር ላይ ነው። በንብረት ዝርዝሩ ሰዎቹ ከላሞቹና ከአልጋዎቹ ጋር አብረው ተጽፈዋል፤ ከእያንዳንዱ ስም ጎን የዶላር ግምት አለ። ገጸ ባሕርይህ ያንን ወረቀት አንድ ጊዜ በእጁ ይዞ ያንብበው።