የኦሃዮ ጡረተኛ ሚስት ኢንሹራንስ፦ ኦፐርስ ለትዳር ጓደኛ ይከፍላል?

ምሥራቅ ኮሎምበስ፦
ሰላም ለሁላችሁ። ባል 66 ዓመቱ ነው፤ ጡረታው ለኦፐርስ (የኦሃዮ የመንግሥት ሠራተኞች ጡረታ) የሚቆረጥበት ሥራ ላይ 22 ዓመት ቆይቶ በጁን ይወጣል። ሜዲኬር (65 ለሞላው ሰው የሚሰጠው የፌዴራል ኢንሹራንስ) ፓርት ኤን፣ ማለትም የሆስፒታሉን ክፍል፣ የወሰደው አምና በጁን ነው። ሚስት 61፣ በእሱ የሥራ ኢንሹራንስ ነው ያለችው፤ አሜሪካ የሠራችው 5 ዓመት ብቻ ነው። «ኦፐርስ ለሚስትም ይከፍላል» የሚሉ ሰዎች አሉ። ካልከፈለ እስከ 65 በምን ትቆይ?

ደረሰኝ ያዥ፦
ያ ወሬ አሮጌ ነው። የትዳር ጓደኛ ድጎማ ከ2015 ጀምሮ እየተቀነሰ በ2018 ቀርቷል። ከዚያ በኋላ ሙሉውን ዋጋ ከፍሎ በቡድን ኢንሹራንሱ መቆየት ይቻል ነበር፤ እሱም በ2021 መጨረሻ ተዘጋ።

አሁን ያለው በጡረተኛው ስም የሚገባ ኤችአርኤ የሚባል የማካካሻ ሂሳብ ነው። ሜዲኬር ላለው ሰው መነሻው በወር 350 ዶላር ሲሆን፣ እንደ ዕድሜውና የአገልግሎት ዘመኑ ከ51 እስከ 90 በመቶው ይደርሰዋል። 60 በመቶ ከወጣለት 210 ዶላር ማለት ነው። በዚህ ገንዘብ የሚስቱንም ፕሪሚየም (የኢንሹራንስ ወርሃዊ ክፍያ) ማስመለስ ይችላል፤ መጀመሪያ ከኪስ ይከፈላል፣ ከዚያ ደረሰኝ ይላካል።

ብዙ ሰው የሚሳሳተው እዚህ ላይ ነው፦ ባል ፓርት ኤም ፓርት ቢም (የሐኪም ሕክምናው ክፍል) ሊኖረው፣ ተጨማሪውን የሜዲኬር ፕላንም ኦፐርስ በመረጠው አገናኝ ድርጅት በኩል መግዛት አለበት። ያንኑ ፕላን በቀጥታ ከኢንሹራንስ ኩባንያው ከገዛ ገንዘቡ አይገባለትም።

ኮብራ ቆጣሪ፦
ለሚስት መጀመሪያ ኮብራን (ሥራ ካቆመ በኋላም የሥራውን ኢንሹራንስ በራስ ገንዘብ ለተወሰነ ጊዜ መቀጠል) አስሉ። ባል ከሥራ ሲወጣ የተለመደው 18 ወር ነው። ነገር ግን ሜዲኬር የጀመረው ሥራውን ከማቆሙ በፊት ባሉት 18 ወራት ውስጥ ከሆነ፣ የሚስት ኮብራ ሜዲኬሩ ከጀመረበት ቀን 36 ወር ይቆጠራል። በእናንተ ሒሳብ 12 ወር አልፏል፣ 24 ይቀራል። የሰው ኃይል ክፍሉ ይህን ሳያስተውል 18 ብሎ ሊጽፍ ስለሚችል የፓርት ኤ መጀመሪያ ቀን ያለበትን የሜዲኬር ካርድ ኮፒ አያይዙ። ዋጋው እስከ ሙሉ ፕሪሚየሙ 102 በመቶ ነው፤ አሠሪው ሲከፍል የነበረውም በእናንተ ላይ ይመጣል፣ አትደንግጡ።

ማርኬትፕሌስ (ኢንሹራንስ በግል የሚገዛበት የመንግሥት ገበያ) የሚሻል ከሆነ የሥራው ኢንሹራንስ ካቆመ በ60 ቀን ውስጥ ተመዝገቡ። ኮብራ ውስጥ ገብታ ቀኑ ካለፈ በኋላ መሃል ላይ «ተወደደብኝ» ብላ ብትተወው ልዩ የምዝገባ ጊዜ አይሰጣትም፤ ዓመታዊው ምዝገባ የሚከፈትበት ኖቬምበር 1 እስኪደርስ መጠበቅ ነው።

ግብር ነክ፦
አንድ ነገር ልጨምር። ኤችአርኤው እሷንም የሚሸፍን እስከሆነ ድረስ ማርኬትፕሌስ ላይ ታክስ ክሬዲት (ፕሪሚየሙን የሚቀንስ የመንግሥት ድጎማ) መውሰድ አትችልም። ወይ ባል ኤችአርኤውን ይተዋል፣ ወይ ክሬዲቱ ይቀራል። ሁለቱንም የወሰደ ሰው ክሬዲቱን ታክስ ሲሞላ ይመልሳል። ስለዚህ ኦፐርስን በኤችአርኤው ማን እንደሚሸፈንና እንዴት እንደሚተው ጠይቁ፣ መልሱን በጽሑፍ ያዙ፣ ከዚያ ሁለቱን አወዳድሩ። የባል ጡረታም፣ ካለው ሶሻል ሴኩሪቲም ገቢ ውስጥ ይቆጠራል። ለ2026 ሽፋን የሁለት ሰው ቤተሰብ ገቢ ከ84,600 ዶላር ካለፈ ክሬዲት የለም። በ210 ዶላር ኤችአርኤ ምክንያት ትልቅ ክሬዲት ማጣት የኔ ምርጫ አይሆንም ነበር።

ምሥራቅ ኮሎምበስ፦
በጣም አመሰግናለሁ። 65 ሲሞላትስ? ፓርት ኤን በነፃ ለማግኘት የሚጠየቀው 40 የሥራ ክሬዲት (የ10 ዓመት ሥራ ያህል) የላትም።

ኮብራ ቆጣሪ፦
በባሏ ታገኛለች። የኦሃዮ መንግሥት ሠራተኛ ሶሻል ሴኩሪቲ ባይቆረጥበትም፣ ከኤፕሪል 1986 ወዲህ የተቀጠረ ሜዲኬር 1.45 በመቶ ይቆረጥበታል፤ 22 ዓመቱ ከበቂ በላይ ነው። ፓርት ኤ በነፃ ይሰጣታል፣ ዋናውን የጋብቻ ወረቀት ይዛችሁ ሂዱ። ፓርት ቢን ግን እንዳታዘገይ። ኮብራም የጡረተኛ ሽፋንም የሥራ ኢንሹራንስ ተብሎ አይቆጠርላትም፤ በዘገየችበት በእያንዳንዱ 12 ወር 10 በመቶ ቅጣት ይጨመርባታል፣ ዕድሜ ልክ።