ግብር ያልተጠቀሰበት የሥራ ልምድ ደብዳቤ

ያለሁት ሐዋሳ ነው፤ የአካውንቲንግ ዲግሪ አለኝ፣ በግል ድርጅት 2 ዓመት ከ4 ወር በሂሳብ ሠራተኛነት ሠርቻለሁ። ያመለከትኩባቸው ሁለት የመንግሥት መሥሪያ ቤቶች ከግል ድርጅት የመጣ ልምድ የሥራ ግብር የተከፈለበት መሆኑ በደብዳቤው ካልተገለጸ አይዙም፤ ሁለቱም ገና ምዝገባ ላይ መለሱኝ። የእኔ ደብዳቤ መደቡን፣ ዘመኑንና ደመወዙን ብቻ ይዟል። ድርጅቱ እንዲያስተካክል በማመልከቻ ብጠይቅ «የአሠሪና ሠራተኛ አዋጅ 1156/2011 ከዚህ በላይ አያስገድደንም» አለ። እውነትም የአዋጁ አንቀጽ 12 በደብዳቤው እንዲገለጹ የሚዘረዝረው እነዚያን ሦስቱን ነው፤ ክርክሩ እዚህ ላይ አያዋጣም። በእጄ ያለው የ19 ወር የደመወዝ ወረቀት (ግብርና 7 በመቶ ጡረታ የተቆረጠበት)፣ የባንክ ስቴትመንትና የራሴ የግብር ከፋይ መለያ ቁጥር ነው። ድርጅቱ ሳይፈርም፣ ግብሩ በስሜ መከፈሉን የሚያረጋግጥ ደብዳቤ ከገቢዎች ቢሮ በግሌ ያወጣ ሰው ካለ፣ የትኛውን ማስረጃ አቅርቦ ተሳካለት?