«ልጅም ቢሆን» የሚለው ቃል ከጌታ አምላክነት ጋር እንዴት ይስማማል?

የፒያሳዋ ጠያቂ፦
ለተከበራችሁ ወገኖቼ ሰላምታዬ ይድረሳችሁ። የምሠራው ፒያሳ ከአራዳ ጊዮርጊስ ብዙ ሳይርቅ ባለ መሥሪያ ቤት ነው። ባለፈው ሳምንት በምሳ ሰዓት ሙስሊም የሆነ ባልደረባዬ፣ ለክርክር ሳይሆን በእውነት ማወቅ ፈልጎ፣ ስለ ጌታ ዳግም ምጽአት በሚናገረው በማርቆስ ወንጌል ምዕራፍ 13 ቁጥር 32 «ስለዚያች ቀን ወይም ስለዚያች ሰዓት ግን የሰማይ መላእክትም ቢሆኑ ልጅም ቢሆን ከአባት በቀር የሚያውቅ የለም» የሚለውን አንብቦልኝ፣ «ሁሉን የማያውቅ እንዴት አምላክ ይባላል?» ሲል ጠየቀኝ። ጸሎተ ሃይማኖትን በየቅዳሴው ስደግም ያደግሁ ብሆንም መልሴ «ምስጢር ነው» ከማለት አላለፈም፤ ይህም ለእርሱ ቀርቶ ለእኔም አልበቃኝም። የዮሐንስን ወንጌል መጀመሪያና ቶማስ «ጌታዬ አምላኬም» ማለቱን አውቃለሁ። ስለዚህ ሌላ ጥቅስ ከምትደረድሩልኝ ይህኛው ራሱ ምን እንደሚል ብታስረዱኝ እወዳለሁ።

ዲያቆን ዘአራት ኪሎ፦
እኅታችን፣ ባልደረባሽ ያነሣው ጥቅስ በአራተኛው መቶ ዓመት የአርዮስ ወገኖች ዋነኛ ማስረጃ ከነበሩት አንዱ ነው። እነርሱ ወልድ ከፍጥረት ሁሉ የሚበልጥ፣ ነገር ግን የተፈጠረ ነው ይሉ ነበር። እ.ኤ.አ. በ325 በኒቅያ የተሰበሰቡት አባቶች፣ እኛ ሠለስቱ ምዕት የምንላቸው፣ «ዘተወልደ ወአኮ ዘተገብረ፣ ዘዕሩይ ምስለ አብ በመለኮቱ»፣ ማለትም የተወለደ እንጂ ያልተፈጠረ፣ በመለኮቱም ከአብ ጋር የተካከለ ብለው መለሱ፤ ዘወትር የምትደግሚው ይህንኑ ነው።

ጥቅሱን ራሱን ያብራራው ግን የእስክንድርያው ሊቀ ጳጳሳት ቅዱስ አትናቴዎስ ነው። ጌታ በዚያው ምዕራፍ ከዕለቲቱ በፊት የሚሆነውን ጦርነት፣ ረሀብ፣ ስደትና የፀሐይን መጨለም በቅደም ተከተል ተናግሯል። አትናቴዎስ ከቤቱ በፊት ያለውን ሁሉ ለእንግዳ የሚጠቁም ሰው ቤቱን ራሱን አያውቅም ሊባል አይችልም ይላል። እኛ አዲስ አበቤዎች ይህ ምሳሌ ሊከብደን አይገባም፤ «ከፒያሳ ውረድ፣ የራስ መኮንንን ድልድይ ተሻገር፣ ዳገቱን ወጥተህ የድል ሐውልቱን ስታገኝ ወደ ሥላሴ ታጠፍ» እያልን የምንጠቁም ሰዎች ነንና። ስለዚህ «አያውቅም» የተባለው የእኛን ባሕርይ ስለ ተዋሐደ፣ እንደ ሰው ልማድ የተነገረ ነው።

በነገራችን ላይ ክርክሩ አክሱምም ደርሶ ነበር። የመጀመሪያውን ጳጳሳችንን አባ ሰላማን የሾመው አትናቴዎስ ነበርና፣ ለአርዮሳውያን ያደላ የነበረው የሮም ንጉሠ ነገሥት ቆስጠንጢዮስ ለአክሱም ገዢዎች ለኢዛናና ለሳይዛና በጻፈው ደብዳቤ ጳጳሱ ወደ እስክንድርያ ተመልሶ እንዲመረመር ጠይቋል። ደብዳቤው እስከ ዛሬ የተገኘው አትናቴዎስ ራሱ በጽሑፉ ውስጥ ስላስገባው ነው።

አንባቢ፦
ዲያቆን ያሉት መልካም ነው፤ ሆኖም አንድ ጥንቃቄ ያስፈልገዋል። «እንደ አምላክነቱ ያውቃል፣ እንደ ሰውነቱ አያውቅም» ብለን በዚያ ብናቆም፣ ሳናስበው አንዱ የሚያውቅ ሌላው የማያውቅ ሁለት አካላት እናቆማለን። እ.ኤ.አ. በ431 በኤፌሶን ጉባኤ የእስክንድርያው ቅዱስ ቄርሎስ የቍስጥንጥንያውን ሊቀ ጳጳሳት ንስጥሮስን የተቃወመው ይህን የመሰለውን መክፈል ነው። መለኮትና ሥጋ ያለ መለያየት አንድ ሆኑ በሚለው በተዋሕዶ ትምህርት የተራበው፣ የተኛው፣ የሞተውም ያው አንዱ ቃል ነው፤ የሥጋን ነገር ሁሉ የራሱ አድርጎታልና። ካህኑ ከቁርባን በፊት መለኮቱ ከትስብእቱ (ከሰውነቱ) ለዓይን ጥቅሻ ታህል እንዳልተለየ የሚመሰክረውም ለዚህ ነው።

እኔን ይበልጥ የሚያረካኝ የአራተኛው መቶ ዓመት አባት የቅዱስ ባስልዮስ ንባብ ነው። እርሱ የወልድ ዕውቀት ምንጩ አብ ስለ ሆነ፣ ቃሉን «አብ ባያውቅ ኖሮ ወልድም ባላወቀ ነበር» በሚል መንፈስ ይፈታዋል። ደግሞም ቅደም ተከተሉን ተመልከቺ፦ መላእክት፣ ቀጥሎ ልጅ፣ ከዚያ አባት። ፍጡር ብቻ የሆነ ሰው ራሱን ከመላእክት በላይ፣ ከአብ አጠገብ ባላስቀመጠ ነበር።

የወንጌል አማኝ፦
እኔ እ.ኤ.አ. በ451 በኬልቄዶን ጉባኤ የተወሰነውን፣ አንድ አካልና ሁለት ባሕርይ የሚለውን የሚቀበል ቤተ ክርስቲያን አባል ነኝ፤ ስለዚህ ከላይ ካሉት ወንድሞች ጋር በአገላለጽ እንለያያለን። አምላክነቱን በሚመለከት ግን በመካከላችን ክርክር የለም። ለእኔ ቁልፉ ፊልጵስዩስ 2 ነው፤ በእግዚአብሔር መልክ ሲኖር ሳለ የባሪያን መልክ ይዞ «ራሱን ባዶ አደረገ» ይላል። ሉቃስም በጥበብና በቁመት ያድግ እንደ ነበር ጽፏል። ያድግ የነበረን ልጅ ሰውነት እንደ ልብስ ብቻ ካየነው፣ አምላክነቱን ስናስከብር ሰው መሆኑን እንክዳለን።

አንዳንዶች፣ ከእነርሱም አውግስጢኖስ፣ «አያውቅም» ማለት «ለእናንተ አላሳውቅም» ማለት ነው ብለዋል። ለታላቁ ሊቅ ካለኝ አክብሮት ጋር፣ ይህ ባልደረባሽን የሚያሳምነው አይመስለኝም፤ የተጻፈው ስለ ማወቅ እንጂ ስለ መናገር አይደለምና።

የፒያሳዋ ጠያቂ፦
ሁላችሁንም አመሰግናለሁ። የቤቱን ምሳሌ ዛሬ ነገርሁት፤ ፈገግ ብሎ፣ ምሳሌው ጌታ ቀኒቱን ማወቁን ቢያሳይም «አያውቅም» የሚለውን ቃል ከገጹ ላይ አያነሣውም አለኝ። እውነቱን ለመናገር እኔም ተመሳሳይ ስሜት ነበረኝ። የባስልዮስን ንባብ ግን ሁለት ጊዜ አስደግሞኝ ዝም አለ፤ ቀጥሎም «ዕውቀቱ ከአብ ከሆነ፣ ከአብ መቀበሉ ከአብ ማነሱን አያሳይም?» ሲል ጠየቀ። አንባቢ ሆይ፣ በዚህ ላይ ቢቀጥሉልኝ ደስ ይለኛል።

አንባቢ፦
ብርሃን ከፀሐይ ይገኛል፤ ፀሐይ ግን ያለ ብርሃኗ የኖረችበት ቅጽበት የለም። «ብርሃን ዘእምብርሃን» (ከብርሃን የተገኘ ብርሃን) የሚለው ሐረግ ወደ ጸሎተ ሃይማኖት የገባው ይህንኑ ጥያቄ ለመመለስ ነው፦ መገኘት ሁሉ በኋላ መምጣት አይደለም፣ መቀበልም ሁሉ ማነስ አይደለም። አባት ለልጁ የሚሰጠው ሰውነት ከራሱ ሰውነት አያንስም።