የልብ ምት የሚልክ ሰዓት ለእናቴ ልግዛላት?

ጥያቄ፦
ሰላም ለሁላችሁ። እናቴ አዲስ አበባ ናት፣ እኔ ቨርጂኒያ። ካየኋት አራት ዓመት ሆነኝ። በቪዲዮ እንተያያለን፤ ግን "ልዳስስሽ ነው የናፈቀኝ" ትለኛለች። ንክኪና የልብ ምት የሚልክ ሰዓት አለ ሲባል ሰማሁ። የሞከራችሁ ካላችሁ ንገሩኝ።

መልስ፦
እህቴ፣ ከእማዬ ጋር ሁለት ዓመት ተጠቅመንበታል። የእኛ አፕል ዋች ነው። ሁለት ጣትሽን መስታወቱ ላይ አሳርፈሽ ትንሽ ትቆያለሽ፤ የልብሽ ምት እሷ አንጓ ላይ ትር ትር ይላል። ከአይፎን ጋር ነው የሚሠራው፤ ኢንተርኔት ከሌለ ደግሞ ምንም አይደርሳትም።

መጀመሪያ ላይ አስደነገጥኳት። ሐምሌ ነበር። ከቀኑ 11 ሰዓት ከሥራ ወጥቼ፣ መኪና ውስጥ ቁጭ ብዬ ላክሁላት። እሷ ጋ ለካ ከሌሊቱ 6 ሰዓት ነው። በውድቅት ሌሊት እጇ ላይ ሲነዝራት ክፉ ወሬ መስሏት ጎረቤት ቀሰቀሰች። መርዶ እንዴት እንደሚመጣ ታውቂያለሽ። አሁንም ሳስበው ያሳዝነኛል።

ከዚያ ወዲህ ሰዓት ቆረጥን። እሷ ጠዋት 1 ሰዓት ቡናዋን ስታፈላ፣ እኔ ልተኛ ስል። ምልክትም ተስማማን፦ መስታወቱን አንዴ መታ ማድረግ "ደህና ነኝ"፣ ሁለት "ናፈቅሽኝ"፣ ሦስት "ደውዪ"።

ይህን ሳትስማሙ አትጀምሩ። ንዝረት ብቻውን ስሜት አይናገርም። እ.ኤ.አ. በ2006 ማቲው ሄርተንስታይን የተባለ አሜሪካዊ የሥነ ልቦና ተመራማሪ ከባልደረቦቹ ጋር ጥናት አውጥቶ ነበር። የማይተዋወቁ ሰዎች፣ ሳይተያዩ፣ ክንድ ብቻ በመነካካት ቁጣን፣ ፍርሃትን፣ ፍቅርን፣ ምስጋናን መለየት ችለዋል። ያ ግን የሰው እጅ ነው። ያሻል፣ ይጨብጣል፣ ይሞቃል። ቆዳችን ውስጥ ቀስ ብሎ ለሚዳብስ እጅ፣ በሰከንድ ከ1 እስከ 10 ሴንቲ ሜትር ለሚሄድ፣ በተለይ የሚነቃ ነርቭ አለ። የሰዓት ንዝረት እንደዚያ አይዳብስም። እናትሽ ጉንጭሽን ስታሻሽ የሚሰማሽን ከሱ አትጠብቂ። ግን "አለሁ" ማለት ይችላል፤ ለኛ ያ ትልቅ ነገር ሆኖልናል።

ጥያቄ፦
ቻርጁስ? እናቴ ስልኳን እንኳ ትረሳለች።

መልስ፦
በየቀኑ ይፈልጋል። መብራት የሚጠፋበት ሰፈር ከሆነ አስቢበት። እኛ ጋ ታናሽ ወንድሜ ነው ማታ ማታ የሚሰካላት። እሱ በሌለበት ቀን ምቱ ሳይመጣ ይቀራል። ያኔ እንቅልፍ እምቢ ይለኛል፤ ደውዬ ድምፅዋን ሰምቼ ነው የምተኛው።